«እኔ አልቆሰልኩም» ለሚል ልጅ እናት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«63 ዓመቴ ነው። ልጄ በዲቪ መጥቶ በ2009 የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገባ። አምስት ዓመት አገልግሎ በ2014 በክብር ተሰናበተ። መጀመሪያ ኩዌት ነበር፤ ከዚያ እየተነሳ ወደ ኢራቅ ጭነት ያመላልስ ነበር። ቀጥሎ ጅቡቲ ሄደ። እኔ ያኔ ድሬዳዋ ነበርኩ። ‹እማዬ፣ አፍንጫሽ ሥር ነኝ› ይለኝ ነበር። ኢራቅ እያለ ጎማውም ፕላስቲኩም በአንድ ጉድጓድ ሲቃጠል ጭሱ መኝታቸው ድረስ ይመጣ እንደነበር አንዴ አጫውቶኛል። በ2017 አስም አለብህ ተባለ። ኢንሄለሩ ከኪሱ አይለይም። ሌሊት ይባንናል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ባለፈው ጥር ትንፋሽ አጥሮት ኢመርጀንሲ ገባ፤ የመጣው ቢል እስካሁን ተከፍሎ አላለቀም። የሥራው ኢንሹራንስ ብዙ ነገር አይሸፍንም።

ቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሂድ ስለው ‹እማዬ፣ እኔ አልቆሰልኩም። እሱ እግራቸውን ላጡት ነው። የሰው ድርሻ አልወስድም› ይለኛል። ጓደኛው ደግሞ ‹ከወጣህ አምስት ዓመት ስላለፈህ ጊዜው አልቋል› ብሎታል። ስለ ሌሊቱ ከተናገረ ሥራ ቦታ ይታወቅብኛል ብሎም ይፈራል። አንድ የምናውቀው ሰው 2,000 ዶላር ከሰጣችሁኝ ወረቀቱን እጨርሳለሁ ብሏል። ልክፈለው? ልጄ ወደፊት አዲስ አበባ ገብቶ መኖር ያስባል፤ ያኔስ ይቀርበታል? የጦሩን ወረቀቶች በፖስታ አድርጌ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ። እንዴት ላናግረው?»

ውድ እናታችን፣

ከሁሉ በፊት 2,000 ዶላሩን አይክፈሉ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የሰው ድርሻ አልወስድም» የሚለው ቃል ልቤን ነካው። ጨዋ ልጅ ነው ያሳደጉት። ግን ተሳስቷል፤ ስህተቱም ጤናውን እያስከፈለው ነው።

ቪኤ የሚሰጠው የጉዳት ካሳ ከአንድ ሙዳይ ተቆንጥሮ የሚከፋፈል ገንዘብ አይደለም። ሕጉ ይገባዋል ላለው ሁሉ ይከፈላል። ልጅዎ ስለወሰደ እግሩን ያጣ ወታደር አንዲት ሳንቲም አይጎድልበትም። ሕክምናውም ቢሆን ቅደም ተከተል አለው። የሚመዘገቡት በስምንት ቡድን ይመደባሉ። በአገልግሎቱ ምክንያት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ጉዳት ያለበት ሰው አንደኛው ቡድን ውስጥ ነው። ደህና ገቢ ያለውና ጉዳት የሌለበት መጨረሻ ላይ ነው። እና «የባሰባቸው ይቅደሙ» የሚለው የልጅዎ ሐሳብ ድሮውንም ሕጉ ውስጥ አለ። እሱ ቤት ቀርቶ ማስጠበቅ የለበትም።

«አልቆሰልኩም» ለሚለው ደግሞ የአንድ ወታደር ታሪክ ይንገሩት። ሂዝ ሮቢንሰን ይባላል። የኦሃዮ ናሽናል ጋርድ አባል ነበር። ኮሶቮና ኢራቅ አገልግሎ ተመለሰ። በ2020 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ጥይት አልነካውም። ልጅዎ ያጫወተዎት ዓይነት የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ጭስ ነው የጎዳው። ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው ፓክት አክት የሚባለው ሕግ ሙሉ ስሙ ላይ የተጻፈው የዚህ ሰው ስም ነው። ልጅዎን የሚመለከተው ሕግ ይኸው ነው።

ሕጉ ምን ለወጠ? ድሮ ወታደሩ «ሳንባዬን ያመመኝ ያ ጭስ ነው» ብሎ ራሱ ማስረዳት ነበረበት። ከስንት ዓመት በኋላ ይህን ማን ያስረዳል? ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ አዛዡ ተቀይሯል፣ ጓደኛ ተበትኗል። አሁን ግን በተዘረዘሩት አገሮች ያገለገለ ሰው ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ ከያዘው፣ ሕጉ ራሱ «ከአገልግሎቱ የመጣ ነው» ብሎ ይቀበላል። ኩዌት፣ ኢራቅ፣ ሳዑዲ አረቢያና ሶማሊያ ከኦገስት 2 ቀን 1990 ወዲህ ላገለገለ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ላገለገለ ደግሞ አፍጋኒስታን፣ ግብፅ፣ የመንና ሌሎችም አሉ። ጅቡቲም አለች! ይህንን የማያውቁ ብዙ የኛ ልጆች አግኝቻለሁ። «ጅቡቲ እኮ ጦርነት አልነበረም» ይላሉ። ሕጉ የሚያየው የት እንደነበሩ ነው።

ከበሽታዎቹ መካከል ደግሞ ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስም አለ። ልጅዎ በ2014 ወጣ፤ አስሙ በ2017 ታወቀ። ሥር የሰደደ ሳይነስና ብሮንካይተስ፣ ብዙ የካንሰር ዓይነቶችም አሉበት። እናም ኢንሄለሩን ባዩት ቁጥር «ይሄ እኮ ቁስል ነው» ቢሉት አልተሳሳቱም።

ጓደኛው የነገረው ነገር ድሮ እውነትነት ነበረው። ጦር ሜዳ የነበረ ሰው ከተሰናበተ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢመዘገብ ይቀለው ነበር። ፓክት አክት አምስቱን አሥር አደረገው። ከማርች 5 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ በእነዚያ ቦታዎች ያገለገሉና ለመርዛማ ነገር የተጋለጡ ሁሉ ከወጡ ስንት ዓመት ቢሆናቸውም በቀጥታ መመዝገብ ይችላሉ። በሩ ለልጅዎ አልተዘጋም። እንዲያውም ከድሮው ሰፍቷል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያምታታውን ነገር ላስረዳ። ቪኤ ጋ ሁለት በር አለ። አንደኛው ሕክምና ነው፤ ሁለተኛው የጉዳት ካሳ ነው። አንዱን ማመልከት ሌላውን ማመልከት አይደለም። ስንት ሰው ለሕክምና ተመዝግቦ «አመልክቻለሁ» ብሎ ተቀምጧል! ልጅዎ ሁለቱንም በሮች ማንኳኳት አለበት።

ለሕክምናው የሚሞላው ቅጽ 10-10 ኢዜድ ይባላል። በኢንተርኔት፣ በስልክ 877-222-8387፣ ወይም ሆስፒታሉ ሄዶ መሙላት ይቻላል። ለእናንተ የሚቀርበው ዋሽንግተን ዲሲ ኢርቪንግ ጎዳና ላይ ያለው የቪኤ ሆስፒታል ነው። ዋናው ወረቀት ዲዲ 214 ነው። የት፣ መቼ፣ እንዴት አገልግሎ እንደተሰናበተ የሚያሳየው እሱ ነው። ሻንጣዎ ውስጥ ያለው ፖስታ ውስጥ እንደሚገኝ እገምታለሁ። ከሌለም አይደንግጡ፤ ቅጂው ከመንግሥት መዝገብ ቤት በነፃ ይገኛል።

ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጦሩ በአንድ ወቅት ግሪን ካርድ የሌላቸውን በቋንቋቸው የሚቀጥርበት ማቭኒ የተባለ መርሐ ግብር ነበረው። አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነበር። በዚያ ገብታችሁ የወጣችሁ ይህን ለራሳችሁ አንብቡት። ለቪኤ ሕክምና የሚጠየቀው አገልግሎትና አሰነባበት እንጂ ዜግነት አይደለም።

ልጅዎ ከተመዘገበ የራሱ ሐኪም ይኖረዋል፣ የሳንባ ስፔሻሊስት ያየዋል፣ መድኃኒቱ በፖስታ እቤቱ ድረስ ይመጣል። በመርዛማ ነገር መጋለጡን የሚያጣራ ምርመራም ይደረግለታል፤ እሱ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ይደገማል። ጥርስን ግን ለሁሉም አይሸፍንም፤ ይህን አስቀድሞ ይወቀው። የሥራውን ኢንሹራንስም አይሰርዝ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ስለ ኢመርጀንሲው ቢል ያሉት አሳዝኖኛል። የጥር ወሩን ዕዳ ቪኤ ወደኋላ ተመልሶ ይከፍልልናል ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ ያኔ አልተመዘገበም ነበር። ለወደፊቱ ግን ሁለት ነገር ይያዙ። ከቪኤ ውጭ ያለ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ከገባ በ72 ሰዓት ውስጥ ለቪኤ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ የቪኤ ሐኪም ይይ። የቪኤ ካርዱን ኪሱ ከትቶ ከጠፋ ያ ሽፋን ሊቀርበት ይችላል።

ወደ ሁለተኛው በር እንምጣ። እዚህ ቀን ገንዘብ ነው። ማመልከቻው ሙሉ እስኪሆን ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ «ላመለክት አስቤአለሁ» ብሎ ማሳወቅ ይቻላል። ኢንተንት ቱ ፋይል ይሉታል። በ800-827-1000 ደውሎ ማስመዝገብ ይበቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማመልከቻውን ለመጨረስ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። ከተፈቀደለትም ክፍያው የሚታሰበው ወረቀቱን ከጨረሰበት ሳይሆን ከደወለበት ቀን ተነስቶ ነው። ዛሬ ቢደውልና ከአሥር ወር በኋላ ቢጨርስ የአሥር ወሩ ውዝፍ አይቀርበትም። ሳይደውል ቢቆይ ግን ያለፈው ወር ላይመለስ ይችላል። ጉዳቱ የሚለካው ከ0 እስከ 100 በመቶ ነው። በ2025 ተመን 10 በመቶ በወር 175 ዶላር ገደማ፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው 100 በመቶ 3,831 ዶላር ነበር። ታክስ የለውም። 10 በመቶ ካገኘ ለሐኪም ቀጠሮ ኮፔይ (ታካሚው ከኪሱ የሚያዋጣውን) መክፈል ይቀርለታል። 50 ከደረሰ ለመድኃኒቱም አይከፍልም።

ካመለከተ በኋላ ለምርመራ ይጠራል። ሲ ኤንድ ፒ ይሉታል። ሐኪሙ የሚያየው ሊያክመው አይደለም፤ ጉዳቱን ሊመዝን ነው። የኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ እኛ «እንዴት ነህ?» ስንባል «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለን ነው ያደግነው። ራስ ምታት ፈንቅሎን እንኳ ደህና ነን።

አንድ ዘመዴን ለእንዲህ ያለ ምርመራ ሸኝቼው አውቃለሁ። እሱም ቬተራን፣ የቀድሞ ወታደር ነው። ጉልበቱ ደረጃ አያስወጣውም። እኔ ውጭ ጠበቅኩት። ሲወጣ «እንዴት ሆነ?» አልኩት። «ጥሩ ነው። እንዴት ነህ ሲለኝ በጣም ደህና ነኝ አልኩት። አጥፍ ዘርጋ አለኝ፤ ጥርሴን ነክሼ አጠፍኩ» አለኝ። ኮርቶ ነው የነገረኝ። አንዴም «አመመኝ» አላለም። ከወራት በኋላ ውሳኔው መጣ፤ 0 በመቶ ይላል። ጉልበቱ ከአገልግሎቱ እንደተጎዳ ታምኖለታል፤ ግን የሚከፈልበት ያህል አልሆነም። በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና አቀረበ። እውነቱን እስኪናገር ድረስ ስንት ጊዜ እንደለመንኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ልጅዎ ይጨምር፣ ያጋንን አላልኩም። የሆነውን ሙሉውን ይናገር። በሳምንት ስንት ጊዜ ኢንሄለሩን እንደሚስብ፣ የባሰበት ቀን ምን እንደሚመስል፣ ከሥራ ስንት ቀን እንደቀረ፣ ደረጃ ሲወጣ የት ላይ እንደሚቆም። የምርመራው ቀን ደህና ሆኖ ቢውል እንኳ ስለ ክፉው ቀን ይናገር። ከመሄዱ በፊት በወረቀት ይጻፈው፤ ሐኪም ፊት ሁሉም ነገር ይረሳል።

እርስዎም ምስክር ነዎት። አብሮት የሚኖር ሰው ያየውን የሚጽፍበት 21-10210 የሚባል ቅጽ አለ። «ልጄ በጣም ታሟል» ብለው አይጻፉ። «ጥር ውስጥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ሲያጥረው አየሁ፤ ኢመርጀንሲ ሄድን» ብለው ይጻፉ። ያዩትን፣ የሰሙትን፣ ቀኑን። በአማርኛ ጽፈው የሚተረጉምልዎ ሰው ይፈልጉ። የእናት ቃል ፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ ይነበባል።

አሁን ወደ 2,000 ዶላሩ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ አዘጋጅቶ ገንዘብ መቀበል በሕግ አይፈቀድም። ሰውዬው ወዳጅም ቢሆን አይፈቀድም። ቪኤ እውቅና የሰጣቸው ረዳቶች በነፃ ይሠራሉ። ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊውና አሜሪካን ሊጅን የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት እንዲህ ያሉ ሰዎች አሏቸው፤ ለመረዳት አባል መሆን ግዴታ አይደለም። የቨርጂኒያ መንግሥትም ለቀድሞ ወታደሮች የራሱ መሥሪያ ቤት አለው፤ በየአካባቢው ያሉት ሠራተኞቹ ማመልከቻውን አብረው ይሞላሉ። አንድ ረዳት እውቅና እንዳለው ቪኤ ድረ ገጽ ላይ በስሙ ፈልጎ ማየት ይቻላል። ያ ሰው የልጅዎን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም የቪኤ መግቢያ የይለፍ ቃል ጠይቆ ከሆነ አይስጡት።

ስለ ሌሊቱ ነገር ቀስ ብዬ ልናገር። መባነኑ፣ በር ሲንኳኳ መደንገጡ ድክመት አይደለም፤ እርስዎም እንደዚያ እንደማያዩት ከደብዳቤዎ ገብቶኛል። ልጅዎ ሆስፒታል ሄዶ ይህን ማውራት ከከበደው ቬት ሴንተር የሚባሉ ትንንሽ የምክር ቢሮዎች አሉ። አሌክሳንድሪያ ውስጥም አለ። ጦር ሜዳ ለነበሩ ሰዎች በነፃ ነው። ቪኤ ሕክምና መመዝገብ አያስፈልግም። የሚያናግሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ወታደር የነበሩ ናቸው። ቤተሰብም ሊካፈል ይችላል። መዝገቡ ከቪኤ ሆስፒታል መዝገብ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር ያለ እሱ ፈቃድ ለማንም አይሰጥም። አሠሪውም የቪኤ የሕክምና ፋይሉን ያለ ልጅዎ ፊርማ አያየውም። «ይታወቅብኛል» የሚለውን ፍርሃት በዚህ ያቅልሉለት።

አንድ ሌሊት የባሰ ነገር ቢመጣ፣ ስለ መኖር ተስፋ የቆረጠ ነገር ሲናገር ቢሰሙ፣ 988 ይደውሉና 1ን ይጫኑ። ሃያ አራት ሰዓት ሰው አለ። እርስዎም እንደ ቤተሰብ መደወል ይችላሉ። ከጃንዋሪ 17 ቀን 2023 ጀምሮ እንዲህ ያለ አደጋ ላይ ያለ የቀድሞ ወታደር በአቅራቢያው ባለ በማንኛውም ሆስፒታል አስቸኳይ እርዳታ ቢያገኝ ወጪውን ቪኤ ይችላል፤ ያልተመዘገበ ቢሆንም። የማያስፈልግ ይሁን። ቁጥሩ ግን ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍ።

ስለ ራስዎ ምንም አልጠየቁኝም። እናት ስለ ራሷ አትጠይቅም። የልጅዎ የቪኤ ሕክምና እርስዎን አይሸፍንም፤ ወላጅ ላይ አይደርስም። ነገር ግን ጉዳቱ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከተባለ፣ እርስዎም ገቢዎ አነስተኛ ሆኖ በእሱ የሚተዳደሩ ከሆነ፣ ጥገኛ ወላጅ ተብለው በወር ክፍያው ላይ ሊጨመርለት ይችላል። ረዳቱ ጋ ሲሄዱ ይህን በስሙ ይጠይቁ። ሳይጠየቅ የሚያስታውስ ሁልጊዜ አይገኝም።

ወደ አዲስ አበባ መመለሱን በተመለከተም ደስ የሚል መልስ አለኝ። የጉዳት ካሳው ውጭ አገርም ይከፈላል። ፎሪን ሜዲካል ፕሮግራም የሚባልም አለ። አሜሪካ ውስጥ የማይኖር ቬተራን በአገልግሎቱ ምክንያት ለመጣ ሕመም የታከመበትን ወጪ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ ሰውየው መጀመሪያ ራሱ ከፍሎ ደረሰኙን ይልካል። ልብ ይበሉ፣ የሚከፈለው ከአገልግሎቱ መምጣቱ በውሳኔ ለተረጋገጠ ሕመም ነው። አስሙ በወረቀት ካልጸደቀ አዲስ አበባ ላይ የአስሙን ሕክምና ማንም አይከፍልለትም። ሁለተኛውን በር አሁን ማንኳኳት ያለበት ለዚህም ጭምር ነው።

እንዴት ላናግረው ላሉት፣ ክርክር አያስፈልግም። በክርክር ያሸንፍዎታል፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። የቪኤ ስልክ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በሥራ ቀን ረፍት የሚወጣበትን ጠዋት ይምረጡ። ቡና ያፍሉለት። ፖስታውን ከሻንጣው አውጥተው ረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጡት። የሂዝ ሮቢንሰንን ታሪክ ይንገሩት። «ካሳው ይቅርብህ፣ ቀኑን ብቻ አስመዝግብልኝ» ይበሉት። 800-827-1000 ደውሎ ኢንተንት ቱ ፋይል ማለት ብቻ ነው። ዲዲ 214ቱን ከወረቀቶቹ መሐል ራሱ ይፈልገው። ስልኩ ላይ ሙዚቃ እያሰሙ ያስጠብቁታል። እስከዚያ ሁለተኛው ቡና ይደርሳል።